ስለ አንጀቴ የተወሰነው ጫቱ ሳይገባ ነው

ይህን የምጽፈው ሆዳቸው ለሚያስቸኩላቸው ሰዎች ነው። እንግዳ ቤት ሲገቡ ሰላምታው ሳያልቅ የሽንት ቤቱን በር በዓይናቸው ለሚፈልጉ፣ መንገድ ካለባቸው ምሳ ለሚዘሉ፣ «ምነው ከሳሽ?» ሲባሉ «ሙቀቱ ነው» ብለው ለሚያልፉ። እኔም ለዓመታት ሙቀቱ ነው ስል ነበር። አሁን ግን ወንበር ላይ ተቀምጬ እየጻፍኩ ነው፤ ከተቀመጥኩም ቆየሁ። ይህ ለእናንተ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ስሜ ኢክራም ነው። ድሬዳዋ ተወልጄ ጅቡቲ ከተማ ነው ያደግኩት፤ ሰፈሮች በቁጥር ከሚጠሩበት ወገን፣ ካርቲዬ ሁለት። አባቴ የከባድ መኪና ጎማ ይነግዳል። ደንበኞቹ ከከተማው ዳር ፔካ 12 በሚባለው ማቆሚያ መኪናቸውን አሰልፈው ተራ የሚጠብቁ የኢትዮጵያ ሹፌሮች ናቸው። ትምህርት ቤት የተማርኩት በፈረንሳይኛ ነው። አማርኛ ማንበብ ያስተማረችኝ እናቴ ስትሆን የሚነበበውን የሚሰጡኝ ሹፌሮቹ ነበሩ፤ ሽፋን የሌለው ልቦለድ፣ ግማሹ የተቀደደ መጽሔት፣ ጋቢናቸው ውስጥ የተገኘ ሁሉ። ግጥም መጻፍ ግን ያስተማረኝ ሰው የለም። በጎማ መጠቅለያ ወረቀት ላይ እየጻፍኩ እየቀደድኩ ራሴው ለመድኩት። ግጥሞቼ ሁሉ አራት አራት መስመር ነበሩ። ያነበቡት ሰዎች ስልት ይመስላቸው ነበር። ስልት አልነበረም። አንጀቴ ከአራት መስመር በላይ አያስቀምጠኝም ነበር።

የጀመረኝ አዲሱ የባቡር ሐዲድ እየተዘረጋ በነበረበት ጊዜ፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። መጀመሪያ ቁርጠት፣ ከዚያ ተቅማጥ፣ ከዚያ ደም። ደሙን ለማንም አልተናገርኩም። ሴት ልጅ ስለዚህ ነገር ለማን ትናገራለች? እናቴ ያወቀችው ልብስ ስታጥብ ነው። አልጮኸችም፤ እጄን ይዛ ክሊኒክ ወሰደችኝ።

«አሜባ ነው» ተባልኩ። የእኛ ሀገር ሰው ሆዱን ካመመው አሜባ ነው። አፍን ብረት ብረት የሚያሰኘውን ክኒን ጨረስኩ፤ ትንሽ ተሻለኝ፤ ተመልሶ መጣ። ሌላ ክሊኒክ «ታይፎይድ» አለ። ሦስተኛው ሐኪም ሽማግሌ ነበር፤ ካርዴን አገላብጦ እናቴን «ጭንቀት ነው፣ ዳሯት» አላት። እናቴ መንገድ ላይ «ባል ተቅማጥ የሚያቆም ቢሆን እኔ ምን ጎደለኝ?» ብላ አሳቀችኝ። ያን ዕለት ሆዴን ያቀለለልኝ ብቸኛው ነገር ያ ሳቅ ነው።

ዓይኔ ቢጫ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። አብሮት ማሳከክ መጣ፤ መዳፌንና ውስጥ እግሬን ሌሊት እንደ እሳት ያሳክከኝ ስለነበር ቀዝቃዛ ሰድር ላይ እግሬን አስደግፌ እተኛ ነበር። ዓይኔን ያየ ሁሉ ሐኪም ሆነ። «የወፍ በሽታ ነው! የወፍ በሽታ ደግሞ ሐኪም አያውቀውም።» ከሐረር የመጣ መራራ ቅጠል ተጨምቆ ጠጣሁ። ጎረቤታችን የሆነች ደግ የሶማሌ ሴት ከከተማው ዳር በእሳት እየተኮሰ የሚያክም ሽማግሌ ጋ ይዛኝ ሄደች፤ በጋለ እንጨት ሁለቱንም የእጅ አንጓዬን ተኮሰኝ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ሁሉም ያደረጉት ወደውኝ ነው፤ በማንም አልፈርድም። ግን ለእናንተ በግልጽ ልንገራችሁ፤ ከቅጠሉ በኋላ ትኩሳት ይዞኝ ለቀናት አልተነሳሁም፤ ዓይኔም ባሰበት። ምን እንደሆነ በማይታወቅ ጉበት ላይ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር አትጨምሩበት።

ያኔ ያልገባን አንድ ነገር ነበር። ሆዴን ያዩ ሐኪሞች ስለ ዓይኔ አልጠየቁኝም። ዓይኔን ያከሙኝ ደግሞ ስለ ሆዴ አልሰሙም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ሁለት በሽታ ያለብኝ መስሎን ሁለቱንም ለየብቻ ስናስታምም ቆየን።

ሁለቱን ያገናኘቻቸው አንዲት ፈረንሳዊት የአንጀትና የጉበት ሐኪም ናት። ማዳም ነበር የምንላት። የማዳም መጠበቂያ ክፍል ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ አየር ማቀዝቀዣው አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ውኃ ያንጠባጥባል። በሽተኛው የሚጠቀምበት ሽንት ቤት ደግሞ ሁሌም ሰልፍ አለው። በሩ ላይ የሚቀመጠው ዘበኛ ገና ከታክሲ ስወርድ ያየኛል። ከወንበሩ ተነስቶ የሠራተኞቹን ሽንት ቤት ከፍቶልኝ ይመለሳል። አንድ ቀን አመሰግናለሁ ልለው ስጠጋ ፊቱን አዞረ፤ እንዳላፍር ብሎ ነው። ከብዙ ዘመዶቼ ይልቅ ያ ዘበኛ ገብቶት ነበር።

ማዳም መጀመሪያ ዓይኔን አየች፣ ከዚያ የተተኮሰውን አንጓዬን፣ ከዚያ ቀና ብላ «ሽንት ቤት ስንቴ ትሄጃለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። በካሜራ አንጀቴን መረመረች፤ ጉበቴንም በሌላ ምርመራ አየች። ከዚያ እንዲህ አስረዳችኝ። የትልቁ አንጀቴ ውስጠኛ ሽፋን ቆስሏል፤ ኮላይተስ ይባላል፤ የገዛ ሰውነቴ ነው የሚያቆስለው፤ አሜባ አይደለም። ጉበቴ ውስጥ ያሉት የሐሞት ቱቦዎች ደግሞ በጠባሳ እየጠበቡ ነው፤ ቢጫውም ማሳከኩም ከዚያ የመጣ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው የሚሄዱ በሽታዎች ናቸው። ስሙን ሳውቅ አለቀስኩ። ከሐዘን አልነበረም። ለካ አላበድኩም ብዬ ነው።

በመድኃኒት ጥሩ ጊዜ አሳለፍኩ። ደሙ ቆመ፤ እንዲያውም ስድስት መስመር ግጥም ጻፍኩ። ግን ማዳም ሆዴ ዝም ቢልም በካሜራ ማየቱን አልተወችም፤ እንዲህ ሁለቱ በሽታ ያለበት ሰው አንጀቱ ለካንሰር የተጋለጠ ነው ትለኝ ነበር። አንድ ቀን «በሚቀጥለው አባትሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ።

አባዬ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ዐረብኛ ይችላል። ከፈረንሳይኛ የሚያውቀው ሰላምታና የጎማ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚዋ እኔው ሆንኩ።

«ምን አለች?» አለ አባዬ።

«ከአንጀቴ በተወሰደው ናሙና ውስጥ መልካቸው መለወጥ የጀመረ ሴሎች አሉ አለች። ካንሰር አይደሉም። ግን ወደዚያ የሚያመሩ ናቸው።»

«እና?»

«ትልቁ አንጀት ሙሉ በሙሉ ይውጣ ነው የምትለው።»

አባዬ ማዳምን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። «በትክክል ተርጉሚ» አለኝ።

«በትክክል ነው የተረጎምኩት።»

«ያለ አንጀት ሰው ይኖራል ወይ በያት።»

ማዳም ወረቀት ላይ ሆድ ሳለች። ትንሹ አንጀት ይቀራል፤ ጫፉ በሆድ በቀኝ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል፤ እዚያ ላይ ከረጢት ይለጠፋል። አባዬ ሥዕሉን ወደ ራሱ አዞረው፤ መልሶም ገለበጠው።

«ጉበቷስ? ጉበቷ የታመመ ልጅ ቢላዋ ትችላለች?»

«ዛሬ ትችላለች» አለች ማዳም። «ጉበቱ ግን እየደከመ ሊሄድ ይችላል። ያኔ መቅደድ ብንፈልግም አንደፍርም። አንጀቱን ማውጣት ጉበቱን አያድነውም፤ ካንሰሩን ግን ይቀድመዋል።»

ይህን ተረጎምኩ።

«ትሞታለች ወይ በያት።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«አውቃለሁ። በያት።»

ወደ ማዳም ዞሬ በፈረንሳይኛ «ልጅቷ ትሞታለች ወይ?» አልኳት። የሚገርመው፣ ስለ ሌላ ሰው የምጠይቅ መሰለኝ። ማዳም የመለሰችው አባዬን ሳይሆን እኔን እያየች ነው። «ልጅቷ እንዳትሞት ብዬ ነው። ቀዶ ጥገናው አደጋ አለው፤ ለእሷ ከሌላው ሰው ይበልጣል። መጠበቁ ግን የባሰ ነው።» ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ሐኪም ዋናው ሙቀት ሳይገባ ለረጅም ዕረፍት ሀገሩ ይሄዳል። ሐኪሞቹ ከዚያ በፊት ቁርጡን ማወቅ ነበረባቸው።

እዚህ ላይ ስለ ከተማችን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጅቡቲ ውስጥ ጫት የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣውን የሚያከፋፍሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ በየሰፈሩ ይበራሉ። ከዚያ በፊት ከተማው በሐራራ ያዛጋል፣ ይነጫነጫል። ከዚያ በኋላ ይመረቅናል። እኛ ቤትም ቤተሰቡን የሚመለከት ማንኛውም ነገር የሚወሰነው በርጫ ላይ፣ ጫት እየተቃመ ነበር፤ አባዬ፣ ታናሽ ወንድሙ አጎቴ ሙክታርና ወዳጆቻቸው ትራስ ተደግፈው፣ እኔ ደግሞ ከመጋረጃው ወዲህ ውኃና ሻይ እያቀረብኩ።

«አንጀት ምንድነው?» አለ አጎቴ ሙክታር። «ቱቦ ነው! ቱቦ ሲያፈስ ምን ታደርጋለህ? ትቀይራለህ።»

«አይቀየርም አሉ። ይወጣል ነው ያሉት» አለ አባዬ።

«ይውጣ! ግን ለምን እዚህ? ዱባይ እንውሰዳት። አቦ ህንድ እንውሰዳት! የህንድ ሐኪም እኮ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚቀደው።»

«ባይጨፍን ይሻላል» አልኩ ከመጋረጃው ጀርባ።

«ገጣሚት፣ ዝም በይ! ስላንቺ እየተወሰነ ነው!»

ተወሰነ። አባዬ ጉልበቱን መታ አድርጎ «ነገ ጠዋት ማዳም ጋ ሄደን እሺ እንላለን» አለ። ሁሉም አሚን አሉ። በማግስቱ ጠዋት ግን አባዬ ሻይ ብቻ ጠጥቶ፣ ዓይኔን ሳያይ «ከሰዓት እንነጋገራለን» ብሎ ወጣ። ከሰዓት እንደገና ተነጋገሩ፤ እንደገና ተወሰነ። አንድ ቀን ህንድ፣ አንድ ቀን አዲስ አበባ፣ አንድ ቀን ሁሉም ቀርቶ የሐረር ማር በባዶ ሆድ። ሁሉም ውሳኔ ግሩም ነበር፤ ጠዋት ላይ የተገኘ ግን አንድም አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር እኔም የከሰዓቱን ውሳኔ እወደው ነበር። ጠዋት እንደሚፈርስ ስለማውቅ አያስፈራኝም። ፍርሃቱ የሚመጣው ስተኛ ነው። እጄን በሆዴ ቀኝ በኩል አድርጌ ከረጢቱ የሚለጠፍበትን ቦታ እዳብሳለሁ። ሽታ ይኖረው ይሆን? ሰርግ ቤት ድምፅ ቢያሰማስ? ከማደንዘዣው ባልነቃስ? ደግሞ ዝም ብዬ ብተወው፣ ያ መልኩን የለወጠው ነገር እዚያው ውስጤ እያደገ ቢሆንስ?

እናቴ የራሷ ጭንቀት ነበራት። ከረጢት ያለበት ሰው እንዴት ይሰግዳል? ለሰፈሩ ሴቶች ቁርአን የምታስቀራውን ሴት ሄዳ ጠየቀች። ሴትየዋ ሳታመነታ «ለየሰላቱ ውዱእ ታድርግና ትስገድ፤ በሽታ እኮ ነው፣ ምን ጥፋት አለባት?» ብላታለች። እናቴ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። «የኔ አለቀልኝ» አለችኝ። «የቀረው አባትሽ ነው። እሱን ደግሞ ከፈለግሽ ጠዋት ያዥው። እኔን ሲያጩኝ የአባትሽ ሽማግሌዎች ከሰዓት መርቅነው መጥተው ሰማይና ምድሩን ቃል ገቡ። አባቴ በትሕትና ሰምቷቸው ‹ይሄን ሁሉ ነገ ጠዋት መጥታችሁ ድገሙልኝ› አላቸው። አባቴ በምርቃና የተባለ ነገር አይቀበልም ነበር። ሽያጭም ቢሆን፣ ጋብቻም ቢሆን።»

«ጠዋት መጡ?»

«መጡ። ቃሉ ግማሽ ሆኖ መጣ። ግን ያን ግማሽ አንድም ሳያጎድሉ ፈጸሙት።»

አርብ ጠዋት አጎቴ ሙክታርን ለቁርስ ጠራሁት። ፉልና ትኩስ ዳቦ አቀረብኩ። አጎቴ እንባው እስኪወርድ ያዛጋ ነበር። አባዬም ግንባሩን ቋጥሮ ነው የተቀመጠው።

«ኢክራም፣ በነቢ ይዤሻለሁ» አለ አጎቴ፣ «በዚህ ሰዓት ስለ አንጀት ማን ያወራል? ፉል እየተበላ?»

«ከሰዓት የሚወራውን ጠዋት የሚያስታውስ ጠፋ፣ አጎቴ።»

«እኔ አስታውሳለሁ! ህንድ አልነበር የተባለው?»

«እሱ ማክሰኞ ነው። ረቡዕ አዲስ አበባ ነበር። ትናንት ማር።»

እናቴ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። አባዬ አልሳቀም። የቆረሰውን ዳቦ ሳይበላ መልሶ አስቀመጠው።

«አባዬ፣ የምታስበውን ንገረኝ» አልኩት። «ሳትመረቅን ንገረኝ።»

«አታስጨንቂኝ።»

«ሐኪሙ ሊሄድ ነው። እሺም እምቢም ካላልን እምቢ ማለታችን ነው።»

አባዬ የሚያየው ምንጣፉን ነበር። «ሳትቀደጂ ብትሞቺ» አለ፣ «አላህ ወሰዳት ነው የሚባለው። እቀብርሻለሁ፤ ሰው ያጽናናኛል። እሺ ብዬ ቢላዋ ላይ ብትሞቺ ግን ማን ገደላት ይባላል? እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ከሰዓት ይሄ ይጠፋልኛል። ጀግና እሆናለሁ። ጠዋት ስነቃ ደረቴ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ።»

አጎቴ ማዛጋቱን አቆመ። ለካ ያ ሁሉ ውሳኔ የሚፈርሰው በስንፍና አልነበረም።

«እሺታው ያንተ አይሁን» አልኩት። «አንጀቱም ጉበቱም የኔ ነው፤ ልጅ አይደለሁም። ማዳምን እሺ የምላት እኔ ነኝ። ብሞትም እሺ ብዬ ነው የሞትኩት፤ እማዬና አጎቴ ሰምተዋል። ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በሩ ላይ ቁምልኝ።»

«የምን በር?»

«የቀዶ ጥገናው ክፍል በር። ገብቼ እስክወጣ።»

አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። ከስንት ቀን በኋላ ዓይኔን ያየኝ ያኔ ነው። «በር ላይ መቆም አያቅተኝም» አለ።

«እኔም እቆማለሁ!» አለ አጎቴ ሙክታር። ትንሽ አሰበና «እስከ ስንት ሰዓት ነው ግን?» ሲል ጨመረ። እናቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ሮጠች።

አሁን ያለሁበትን ልንገራችሁና የቀዶ ጥገናውን ቀን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ድኛለሁ አልልም፤ ጉበቴ አሁንም ታማሚ ነው። ማሳከኩ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ምርመራዬንም አላቋርጥም፤ ወደፊት ምን እንደሚሆን ማዳምም አታውቅም። አንጀቴ ግን ዳግመኛ አያስቸኩለኝም። የወጣው አንጀት ሲመረመር ማዳም የፈራችው ነገር ገና ካንሰር አለመሆኑ ተረጋገጠ። በጊዜው ነበር የደረስነው።

ሆዴ ላይ የወጣችውን የአንጀቴን ጫፍ መጀመሪያ ሳያት ራሴን ልስት ነበር፤ ቀይ፣ እርጥብ፣ ብቻዋን የምትንቀሳቀስ። አሁን እንደ ፊቴ ለምጃታለሁ። ጅቡቲ ላይ ከረጢት ማድረግ ቀላል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። በዋናው ሙቀት ላብ ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይብሳል። አንድ ጊዜ ገበያ መሃል ለቆብኝ እያለቀስኩ ቤት ገብቻለሁ። አሁን ቆዳዬን አድርቄ፣ በስስ ጨርቅ ቀበቶ አጥብቄ ነው የምወጣው። ከረጢቶቹን የሚያስመጣልኝ አጎቴ ነው፤ ከዱባይ በጎማው ኮንቴይነር ውስጥ ተጭነው ዶራሌ ወደብ ይወርዳሉ። ካርቶኑ ሲከፈት ጎማ ጎማ ይሸታል። «አዲስ ጎማ መጣልሽ» ይለኛል።

መሄድ የቻልኩ ሰሞን እናቴ ወደ ማታ ራስ ዲካ ወሰደችኝ። ባሕሩ ዳር ተቀመጥን። ጥቂት ቆይቼ አንድ ነገር ገባኝ፤ ስደርስ የሽንት ቤት በር አልፈለግኩም። ወደ ባሕሩ ብቻ ነበር የማየው። እዚያው ላይ የጀመርኩት ግጥም ገጹን ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞረ።

እንግዲህ እናንተ፣ ደም ካያችሁ ተናገሩ። ሆዳችሁንም ዓይናችሁንም ለአንድ ሐኪም አሳዩ። ወገኖቻችሁ ስለ ቀዶ ጥገና ሲመክሩም የምትመካከሩበትን ሰዓት ምረጡ፤ ሰው ፍርሃቱን ሊናገር በሚችልበት ሰዓት።

የቀዶ ጥገናው ቀን እንዲህ ነበር። በጠዋት አስገቡኝ። አባዬ የተንቀሳቃሹን አልጋ ብረት ይዞ እስከ በሩ አብሮኝ ሄደ፤ በሩ ሲዘጋ ጣቶቹን አየሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ሰባት ሰዓት አልፎ የጫት መኪኖቹ ጥሩምባ ከመንገድ ሲሰማ ኮሪደሩ ባዶ ሆነ። አስታማሚው ወጣ፤ የሆስፒታሉ ዘበኛ ሳይቀር ወጣ። አጎቴ ሙክታር «አሁን መጣሁ» ብሎ ሮጠ፤ እውነትም ተመልሶ መጣ፤ ለአባዬም ምርጡን አንድ እስር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣለት። አባዬ ተቀብሎ አግዳሚው ላይ አስቀመጠው። እናቴ «ቁጭ በል እንጂ» ብትለው እምቢ አለ።

ስነቃ ብርሃኑ ወደ ማታ አዘንብሏል። ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ሆዴ ከብዶኛል፤ ግን አለሁ። አባዬ ከአጠገቤ ቆሟል። ዓይኑ በሐራራ ቀልቷል፤ ያዛጋል፣ እንባው ይወርዳል፣ መልሶ ያዛጋል። በተከፈተው በር አግዳሚው ይታየኛል፤ ጥቅሉ እንደታሰረ ላዩ ላይ አለ፤ ጨርቁ ደርቋል።

«አባዬ» አልኩት፣ «ጫቱ ገባ?»

«እኔ እንጃ» አለ። «በሩ ላይ ነበርኩ።»